ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የሚመላለስ ሚኒባስ፦ ቪኒሉ ተሰነጠቀ፣ የራስ መደገፊያውም ያጣብቃል፤ ምን ላድርግ?

ባለ ሚኒባሱ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ እሠራለሁ። መኪናው ዕድሜው ቢገፋም ሞተሩ ደህና ነው፤ ያስቸገረኝ ዳሽቦርዱንና ወንበሮቹን የሸፈነው ቆዳ መሰል ፕላስቲክ፣ ቪኒሉ ነው። ዳሽቦርዱ ከፊት መስታወቱ ሥር ነጣ ነጣ ብሎ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አውጥቷል። የወንበሮቹ ራስ መደገፊያ ደግሞ ጠቁሯል፣ ጣት ሲያርፍበትም ያጣብቃል። ላቫጆ ስወስደው ልጆቹ አንድ ፈሳሽ ቀብተው ያብለጨልጩልኛል፤ ሆኖም በሁለተኛው ቀን የመንገዱን አቧራ ሁሉ ለቅሞ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ብሶ አገኘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት ስመለስ የጣርማበርን ዳገት እየወጣሁ ሳለ የከሰዓቱ ፀሐይ በተቀባው ዳሽቦርድ ላይ አርፎ ነጸብራቁ መስታወቱን ስለሞላው፣ ጠምዛዛው ላይ ከፊቴ የሚመጣውን አይሱዙ ያየሁት አጠገቤ ከደረሰ በኋላ ነው። ረዳቴ በበረኪና እንጠበው ይላል፤ አንድ ወዳጄ ነጭ ጋዝ፣ ሌላው የምግብ ዘይት ይመክሩኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የታፒሴሪ ሠራተኛ፦

ወንድሜ፣ የመከሩህን ሦስቱንም ተዋቸው። በረኪናው ቀለሙን ያነጣዋል፣ የስፌቱን ክር ይበላዋል፤ የመቀመጫ ቀበቶ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቀበቶውን ያደክመዋል። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ቆሻሻውን ሲያነሱ ለጊዜው ደስ ቢሉም የቪኒሉን የላይኛውን ስስ ሽፋን አብረው ስለሚያነሱ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቆሻሻው ከበፊቱ ይልቅ ጠልቆ ይገባል። የምግብ ዘይቱ ይሻግታል፤ ሽታውን እኔ ሱቅ ውስጥ ከፈታኋቸው ወንበሮች ጠግቤዋለሁ።

የራስ መደገፊያህን ያጠቆረው፣ እንደምገምተው፣ የሰው ላብና የራስ ቅቤ ነው። በበዓል ሰሞን ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ መኪና ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ቅቤ የተቀባን ራስ ደግሞ ከወንበሩ ራቅ በል ማለት ነውር ነው። ቅባት ቪኒል ላይ ሲቆይ ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ይደርቃል፣ ሽፋኑንም እያለሰለሰ እንዲያጣብቅ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጥ። አስቀድመህ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ወይም በቫኪዩም አንሳው፤ የአቧራ አሸዋ እያለበት ካሸኸው ቪኒሉን እንደ ሞረድ ይቧጭረዋል። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ነክረህ በደንብ ጨምቀህ ጥረግ፤ ውሃው በስፌቱ ቀዳዳ ሰርጎ ስፖንጁን ካረጠበው በደብረ ብርሃን ብርድ ቶሎ ስለማይደርቅ ይሸትታል። ገጹ ሸካራና ጎድጎድ ያለ ቪኒል ከሆነ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በክብ በክብ አዙርበት፤ ቆሻሻው የሚደበቀው እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሳሙናው እንዳይቀር በንጹሕ ውሃ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አንሳና በደረቅ ጨርቅ ጨርሰው።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ የስንጥቁን መነሻ ልጨምር። ቪኒል የምንለው ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ብቻውን ከሆነ እንደ ውሃ ቧንቧ ደረቅ ነው። እንዲለሰልስ ፕላስቲሳይዘር የሚባል ዘይት መሰል ነገር ይቀላቀልበታል። ይህ ነገር ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል ትስስር ስላልታሰረ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲግል ቀስ በቀስ እየተነነ ይወጣል። በፊት መስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ የሚያዩት፣ በጨርቅ ሲጠርጉት የሚዝረከረከው ቅባት አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። የወጣው ስለማይመለስ፣ ቪኒሉ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

በዚህ ላይ የእርስዎ መስመር ከባድ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌት ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ይቀበልዎታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት ቪኒል ጠዋት ደርቆ ይገተራል፤ ስለዚህ ሳይሞቅ በጉልበት አይጫኑት፣ ዕቃም አይወርውሩበት።

ስለሚቀባው ነገር ሰው ብዙ ይሳሳታል። ቪኒል እንደ ቆዳ ዘይት አይጠጣም። ቫዝሊንም ሆነ የሚያብለጨልጨው ቅባት ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ከመሰብሰብና ከማንጸባረቅ በቀር ወደ ውስጥ ገብቶ አያለሰልሰውም። የሚጠቅመው ውሃን መሠረት ያደረገ፣ ጨረር የሚከላከልና ሲደርቅ የማያብለጨልጭ ነው፤ ሲገዙ ጠርሙሱ ላይ ይህንኑ ያንብቡ። ጨርቁ ላይ ጥቂት ረጭተው በስሱ ይቀቡና የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ያንሱ። መሪው፣ ፔዳሎቹና የማርሽ ዘንጉ ላይ ግን ፈጽሞ አይቀቡ፤ ያንሸራትታሉ።

የመሐል ሜዳ ሾፌር፦

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ ከመንዝ ሱፍ የተሠራች አሮጌ ዝተት ዳሽቦርዱ ላይ አለብሳለሁ፣ ስነሣ አነሣታለሁ። ተሳፋሪ ይስቃል፤ ዳሽቦርዴ ግን እስካሁን አልተሰነጠቀም። አረቄ ለማጽጃ ይሆናል የሚሉም አሉ። የእስክሪብቶ ቀለም ቶሎ ነካ አድርጎ ለማንሳት ይሠራል፤ ደጋግሞ ላሸበት ግን ቪኒሉን ያደርቀዋል፣ ሳይጠጣ የፈሰሰው አረቄም ያሳዝናል።

ባለ ሚኒባሱ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ዕለት እንደተባለው በሳሙናው አጠብኩት። ባልዲው ውስጥ የቀረው ውሃ የጠላ አተላ ይመስል ነበር። ጥቁር ነው ብዬ የኖርኩት የራስ መደገፊያ ለካ ግራጫ ኖሯል! ሁለቱ ወንበሮች ማጣበቃቸውን ትተዋል፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለው አንዱ ግን ታጥቦም ጥቂት ይይዛል። የዳሽቦርዱ ስንጥቅ ይደፈናል ወይ?

የታፒሴሪ ሠራተኛ፦

የሚይዘውን ወንበር ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ድገመው፤ ከዚያም ካልለቀቀ ሽፋኑ ራሱ ተበልቷልና የራስ መደገፊያውን ብቻ ፈትተህ አምጣ፣ ሙሉ ወንበር ማልበስ አያስፈልግህም። የዳሽቦርዱ ስንጥቅ ጥፍር የማይዘው ከሆነ ሳትነካው ከፀሐይ ጠብቀው። ጥፍር የሚገባበት ከሆነ የሚሞላው ማስቲሽ በመንገዱ ንዝረትና በሙቀቱ መልሶ ይላቀቃል፤ በልኩ የተቆረጠ የጨርቅ ሽፋን ማልበስ ይሻልሃል። በተሳፋሪው በኩል ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት) ያለው መኪና ከሆነ ግን ሽፋኑ በኤርባጉ ክዳን ላይ እንዳያልፍ፣ ማጣበቂያም እንዳይነካው፤ ሲለካ እዚያው ቆመህ ተቆጣጠር።