የተሰረቀን የሪሞት ቁልፍ ከመኪናው መሰረዝ ስለሚቻልበት መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ ወንበሬ ላይ ያንጠለጠልኩት ቦርሳ ተሰረቀብኝ። በውስጡ እ.ኤ.አ. የ2008 ስሪት የሆነችው ቶዮታ ያሪስ መኪናዬ የሪሞት ቁልፍ ከሊብሬዋ ፎቶ ኮፒ ጋር ስለነበረ፣ ቁልፉን የወሰደው ሰው ስሜንም የታርጋ ቁጥሬንም ይዟል። ለፖሊስ በዚያው ቀን አመልክቻለሁ።

አሁን በእጄ ያለው ሪሞት የሌለው፣ ነገር ግን ጥቁር መያዣው ውስጥ ቺፕ ስላለው ሞተሩን የሚያስነሳ አንድ ተጠባባቂ ቁልፍ ብቻ ነው። የምኖርበት ቤት የመኪና መግቢያ የለውም፤ መኪናዋ የምታድረው መንገድ ዳር ነው። ማታ ማታ መሪዋን በብረት መቆለፊያ አስራለሁ፤ የባትሪዋንም ገመድ እፈታለሁ፤ ሆኖም በሩን በቁልፍ የከፈተ ሰው የኮፈኑን መክፈቻ ውስጥ ስለሚያገኘው፣ ገመዱን መልሶ ማሰር የደቂቃ ሥራ ነው። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ቁልፍ ሠሪ ኮምፒውተር አገናኝቶ የሪሞቱን ኮድ አጥፍቶልኛል። ይሁን እንጂ በር የሚከፍተው የሪሞት ኮድና ሞተር የሚያስነሳው የቺፕ ኮድ ለየብቻ የተመዘገቡ በመሆናቸው፣ የተሰረቀው ቁልፍ አሁንም መኪናዋን ያስነሳል። ቺፑን ለመሰረዝ ማስተር ቁልፍ (ሌሎች ቁልፎችን ለመመዝገብና ለመሰረዝ የሚያስችለው ዋናው ቁልፍ) እንደሚያስፈልግ ነግሮኛል፤ ማስተሩ የተሰረቀው ይሁን የቀረኝ ግን መለየት አልቻለም።

የተሰረቀው ማስተሩ ከሆነ፣ የሞተር መቆጣጠሪያውን ኮምፒውተር ሳልቀይር በቀረኝ ቁልፍ ብቻ ቺፑን ማሰረዝ የምችለው እንዴት ነው?