በሃሮ ከተማ ያሉ የቤተሰብ ወይን ጠጅ ቤቶች፦ «ባህላዊ» የሚባለው የቱ ነው?

ጥያቄ (የቢልባኦ ነዋሪ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በመስከረም ከባለቤቴ ጋር የስፔን የወይን ጠጅ አካባቢ ወደሆነችው ሪዮሃ ወርደን፣ በሃሮ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያሉትን የወይን ጠጅ ቤቶች ልንጎበኝ አስበናል። ሁሉም ራሳቸውን «ቤተሰባዊ»፣ «ባህላዊ» እያሉ ስለሚያስተዋውቁ፣ እውነተኛውን ከማስታወቂያው የምንለይበትን መንገድ ብትነግሩን ደስ ይለናል። ደግሞስ ይህን ያህል ያረጁ ቤቶች በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ምን ሰበሰባቸው?

መልስ 1 (ታሪክ ወዳድ)፦
ከኋለኛው ልጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለችው የወይን ሥር መጣጭ ተባይ የፈረንሳይን እርሻ ስታወድም፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ጠጅ ፍለጋ ወደ ስፔን ተሻገሩ። ሃሮ ወደ ቢልባኦ ወደብ የሚያደርስ ሐዲድ ስለነበራት፣ ጠማቂዎቹ በርሜሉ ከጓዳ ወጥቶ ወዲያው ፉርጎ ላይ እንዲጫን ከጣቢያው ሥር ሠፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1877 ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ፣ በ1879 ኩኔ፣ በ1890 ላ ሪዮሃ አልታ የተባሉት ቤቶች ተመሠረቱ።

«ቤተሰባዊ» የሚለውን ግን በጥንቃቄ ይመልከቱት። ኩኔን ዛሬም የመሥራቾቹ ዘሮች ቢመሩትም አክሲዮኑ በገበያ ይሸጣል፤ ላ ሪዮሃ አልታ ደግሞ ከጅምሩ የአምስት ቤተሰቦች ሽርክና ነበር።

መልስ 2 (ጠጅ ጣይ)፦
እኔ ከባለቤትነቱ ይልቅ የበርሜል መሥሪያውን እመለከታለሁ። ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1932 የተመሠረተው ሙጋ የራሳቸው በርሜል ሠሪዎች አሏቸው፤ ሠሪው የኦክ ሳንቃዎቹን በብረት ቀለበት ካቀፋቸው በኋላ፣ በውስጣቸው እሳት አንድዶ እንጨቱ ሲለሰልስ ቀስ እያለ ያጎብጣቸዋል። አንዱ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል። ወይን ጠጁ በየጊዜው ወደ ሌላ በርሜል ሲገለበጥ፣ እኛ አተላ የምንለው ዝቃጭ ከሥር ይቀራል፤ ቀሪውን ብጥብጥ የሚያጠራው የተመታ የእንቁላል ነጭ ነው፤ ብናኙን ይዞ ወደ ታች ይሰምጣል። የእኛን የጠጅ ማጥለያ ጨርቅ ለለመደ ሰው ነገሩ ይገርማል።

በሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ ምድር ቤት ጠርሙሶቹ ላይ የተንዠረገገውን የሸረሪት ድርና ግድግዳውን የሸፈነውን ሻጋታ አይተው እንዳይታዘቡ። ሸረሪቶቹ ቡሹን የሚበሉትን የእሳት እራቶች ስለሚያጠምዱ አይጠረጉም።

መልስ 3 (ገዢ)፦
ከጠርሙሱ ጀርባ ያለችውን፣ የወይን ጠጁን የቆይታ ደረጃ በቀለሟ የምትናገረውን ትንሽ ወረቀትም አይዝለሉ። ቀይዋ «ክሪያንሳ»፣ ጠቆር ያለችው ቀይ «ሬዘርቫ»፣ ሰማያዊዋ «ግራን ሬዘርቫ» ናት። ቀይ ወይን ጠጅ ግራን ሬዘርቫ ለመባል ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት፣ ከእነዚህም ዓመታት ቢያንስ 2ቱን በበርሜል ማሳለፍ አለበት። ይህ ግን ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ ከ10 ዓመት በላይ አቆይቶ ያወጣል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ቀጠሮ አስቀድመው ይያዙ፤ እኔ በአንዱ ቤት ቅዳሜ ገብቼ በርሜል መሥሪያው ውስጥ የተሰቀለ መዶሻ ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛም ቅዳሜ ነበር ያሰብነው፤ ወደ ሐሙስ አዛውረነዋል።