ቨርጂኒያ ውስጥ ኤልኤልሲ በኦንላይን ስለማስመዝገብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እኔና የአክስቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የጽዳት ሥራ ልንጀምር ነው። ወረቀት የሚያስጨርስ አንድ ሰው ድርጅቱን ኤልኤልሲ (የባለቤቶቹ ተጠያቂነት የተወሰነበት ድርጅት) አድርጎ ለማስመዝገብ 700 ዶላር ጠየቀን። ቲክቶክ ላይ ደግሞ "ደላዌር ክፈቱ፣ ታክስ የለም" ይላሉ። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅናችሁ። ደላዌርን ተዉት። ሥራው ቨርጂኒያ ከሆነ እዚህም መመዝገብ አይቀርላችሁም፤ ሌላ 100 ዶላር ነው። ከዚያ በየዓመቱ ለደላዌር 300፣ ለቨርጂኒያ 50 ትከፍላላችሁ። የቨርጂኒያ ታክስም እንዳለ ነው። ደላዌር ከኢንቨስተር ገንዘብ ለሚሰበስብ ይሁን፤ ቢሮ ለሚያጸዳ ምን ያደርግለታል?

700ውንም አትክፈሉ። የቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ የፈለጋችሁት ስም አለመያዙን ታያላችሁ፣ ቅጹን ሞልታችሁ 100 ዶላር በካርድ ትከፍላላችሁ። በቃ። ሬጂስተርድ ኤጀንት (የድርጅቱን ሕጋዊ ደብዳቤዎች የሚቀበል ሰው) ለሚለው ከሁለታችሁ አንዳችሁ መሆን ትችላላችሁ፤ ቨርጂኒያ ነዋሪና የድርጅቱ አባል ስለሆናችሁ ይፈቀዳል። (ስም ስትመርጡ "አቢሲኒያ" የሚለውን እንኳ አትሞክሩት፣ ሳይያዝ አይቀርም!)

ስቴቱ ካጸደቀላችሁ በኋላ ኢአይኤን የሚባለውን የግብር ቁጥር ከአይአርኤስ (የፌደራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ አውጡ። ነጻ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካላችሁ ወዲያው ይሰጣችኋል። ጎግል ላይ መጀመሪያ የሚመጡት ብዙዎቹ ማስታወቂያ ናቸው፤ መንግሥት መስለው ገንዘብ ይጠይቃሉ። የድረ ገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ "ጎቭ" (.gov) ካላለ ውጡ። አሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ የራሱ የንግድ ፈቃድ አለው፤ እሱን ለብቻ ታወጣላችሁ።

የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ባለቤት ያለው ኤልኤልሲ፣ ሌላ ካልመረጣችሁ በስተቀር፣ በፌደራል ታክስ እንደ ሽርክና ይታያል። ከግል ታክሳችሁ ሌላ 1065 የሚባል ቅጽ እስከ ማርች 15 ይገባል። ትርፍ የለንም ብላችሁ አትዝለሉት፤ ቅጣቱ በየወሩ በእያንዳንዱ ባለቤት የሚታሰብ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለሒሳብ ባለሙያ ክፈሉ፣ ለምዝገባ አይደለም። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ አንዳችሁ ብትወጡ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ስቴቱ አይጠይቃችሁም፤ ባንክ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ዘመድ ስለሆናችሁ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋችኋል።

ሌላ ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፊንሰን ለሚባለው የፌደራል ገንዘብ ሚኒስቴር ቢሮ የድርጅቱን ባለቤቶች ስም ካላሳወቃችሁ ትቀጣላችሁ ሲባልስ? አንዱ 150 ዶላር አምጡና ልሙላላችሁ እያለ ነው።

መልስ፦ ያ ሕግ በ2024 ጃንዋሪ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። በ2025 ማርች ግን አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙ ድርጅቶች ነጻ ሆኑ። የቀረው በውጭ አገር ተቋቁመው እዚህ የተመዘገቡትን ነው የሚመለከተው። 150ውን ኪሳችሁ ያዙት።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የቤቴን አድራሻ ባስገባ ሰው ሁሉ ያየዋል?

መልስ፦ አዎ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ደብዳቤም ይዘንብባችኋል፤ "ፖስተር ግዙ"፣ "ሰርተፊኬት አውጡ" የሚሉ፣ ማኅተም የሚመስል ነገር ያለባቸው። ጣሏቸው። ስቴቱ በየዓመቱ የሚፈልገው 50 ዶላሩን ነው፤ የተመዘገባችሁበት ወር ሳያልቅ ክፈሉ። ካለፈ 25 ይጨመርበታል፣ ዝም ካላችሁትም ድርጅቱ ይሰረዛል።