ዲዮዶራንት ትቼ በሎሚ ተቃጠልኩ፤ ለድሬ ሙቀት ምን ይሻላል?

የሳቢያኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ቀፊራ ገበያ አትክልት እሸጣለሁ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮ ስር ነኝ። የአምስት ወር ልጅ አጠባለሁ። ብብቴ ላይ የምቀባው ነገር ሁሉ አፍንጫው ስር ነው የሚውለው። ያሳሰበኝ ይኼ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት «ኬሚካል የሌለበት» ይሻላል ብዬ ዲዮዶራንቱንም ሻምፖውንም ተውኩ። ለብብቴ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ፣ ለፀጉሬ ተራ ሳሙና። አራት ቀን ደስ አለኝ። በአምስተኛው ብብቴ ቀልቶ እጄን ማንሳት አቃተኝ። ሎሚው ክንዴ ላይ የፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ጠቁሮ መስመር ሠራ። ፀጉሬም እንደ ቃጫ ደርቋል። ወደ ድሮው ልመለስ ወይስ የተሳካላችሁ አላችሁ?

የጁገሏ
ልጄ፣ አይዞሽ። ሎሚውን ዛሬውኑ አቁሚ።

ስለ ፀጉርሽ ልንገርሽ። የድሬ ውኃ ኖራ አለው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተሽ የለ? ሳሙና ከሱ ጋር ሲገናኝ አረፋ አይወጣውም፣ ዝቃጭ ሆኖ ፀጉር ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው የደረቀብሽ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቀሲል ነው የምታጠበው። የቁርቁራ ቅጠል ነው፣ ሶማሌዎቹ ጎብ የሚሉት ዛፍ። አረፋው ከኖራ ጋር አይጣበቅም። ሁለት ሾርባ ማንኪያ ዱቄት በለብታ ውኃ በጥብጪ፣ አረፋ እስኪያወጣ ምቺው። እርጥብ ፀጉር ላይ አሥር ደቂቃ አቆይተሽ በደንብ አለቅልቂው። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ በጣም ያቃጥላል። ዱቄቱን ሁለቴ በነጠላ ንፊው፣ ስንጥሩ ቆዳ ይቧጭራል። ከቻልሽ ቅጠሉን ገዝተሽ ራስሽ ውቀጪው። የተፈጨው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ደግሞ የድሮ ነገር ሁሉ ለገላ አይሆንም። እንዶድ ጋቢ ያነጣል፤ ፊት ላይ ግን እንዳታስጠጊው።

መድኃኒት ቤት የምሠራ
እህቴ፣ ብብትሽ ከቆሰለ ወይም ውኃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ታዪ። ያቃጠለሽ ሶዳው ይመስለኛል። የቆዳችን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ 5 ገደማ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ ከ8 በላይ፤ ቆዳን የሚያስቆጣው ይኼ ልዩነት ነው። የጠቆረው መስመር ደግሞ የሎሚና የፀሐይ ሥራ ነው። ሎሚ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲነካው ልክ እንደ እሳት ያቃጥላል። ጥቁረቱ ይለቃል፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት።

«ኬሚካል የሌለበት» የሚለው ቃል እኔን ያስጨንቀኛል። ቀሲል የሚያጸዳውም ውስጡ ባለው ሳፖኒን በሚባል አረፋ የሚያወጣ ኬሚካል ነው። ከቅጠል መጣ ከፋብሪካ ሳይሆን መጠየቅ ያለብን ቆዳ ላይ ምን ይሠራል የሚለውን ነው። ላብ ራሱ ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው ባክቴሪያ ሲያፈርሰው ነው። ስለዚህ ብብትን በለስላሳ ሽታ አልባ ሳሙና ጠዋትና ማታ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ለልጁም ሽታ አልባው ይሻለዋል። ላብ የሚያቆሙት ቅቦች አሉሚኒየም አላቸው፣ የላብ ቀዳዳን ይደፍናሉ። ሽታ ብቻ የሚቀንሱት ሌላ ናቸው። ስትገዢ ይኼን ለይተሽ አንብቢ።

ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ግን እባክሽ አትተዪ።

የመጋላ ልጅ
አቦ፣ መፋቂያስ? እኔ አያቴ እንዳስተማረችኝ ጫፉን አኝኬ አለስልሼ ነው የምፍቀው፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ። ወደ ጎን በኃይል ስፍቅ ድዴ ሸሽቶ ነበር። አሁን ማታ በብሩሽና በሳሙና፣ ቀን በመፋቂያ ነኝ።

የሳቢያኗ
ከወር በኋላ ተመለስኩ። ብብቴ በሳምንቱ ዳነ። አሁን ያለ ምንም ቅብ ነው የምውለው። እውነቱን ልናገር፣ 8 ሰዓት ሲሆን ይሸተኛል። ስለዚህ አንድ ጆግ ውኃና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ፣ ቀን ላይ ታጥቤ ሽቲ ቀሚሴን እቀይራለሁ። ሽቲው ጥጥ ሲሆን ልዩነቱ ብዙ ነው፤ ናይለን ነክ የሆነው ታጥቦም ሽታ ይይዛል። ሠርግ ሲኖርብኝ ሽታ አልባውን ዲዮዶራንት እቀባለሁ፣ ቅር አይለኝም። የጥርስ ሳሙናዬን አልነካሁም።

ፀጉሬ በሦስተኛው እጥበት ተመለሰ። የክንዴ መስመር ግን እስካሁን አለ፣ ትንሽ ፈዟል።

እናቴ የጁገሏ፣ ቅጠሉን ሐረር ከየት ነው የምትገዢው? እዚህ ያገኘሁት አሸዋ አለበት፣ ሁለቴ ነፍቼውም አልጠራም።