ክርክር፦ ስፔን ለሜክሲኮ ይቅርታ መጠየቅ አለባት ወይ?

አድሚን፦ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሜክሲኮው ፕሬዝዳንት ሎፔዝ ኦብራዶር ስለ ወረራው ይቅርታ ጠይቁ ብሎ ለስፔን ንጉሥ ጻፈ፣ ስፔን እምቢ አለች። በ2024 ደግሞ እሱን የተካችው ፕሬዝዳንት ሼንባውም ቃለ መሃላ ስትፈጽም ንጉሡን ሳትጠራው ቀረች። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም።

የአደባባዩ ልጅ፦ ይሄ ደግሞ ምን ያከራክራል? የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን እኮ ሀይቅ ላይ የተሠራች፣ በጀልባ የሚኬድባት ከተማ ነበረች፣ የስፔኑ ጦር መሪ ኮርቴዝ በ1521 የውሃ መስመሯን ቆርጦ ከቦ በረሃብ ጨረሳት፣ ንጉሡን ኩዋውቴሞክን ወርቁን አውጣ ብለው እግሩን በእሳት አቃጠሉት ከዛም በ1525 ሰቀሉት። እኛን ጣልያን ሲወረን ከጎናችን ከቆሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት፣ ሜክሲኮ አደባባይም በሷ የተሰየመው ለዛ ነው፣ እነሱም ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። እና አዳላለሁ፣ አልደብቅም

ታሪክ ወዳድ፦ ወንድሜ ኮርቴዝ ይዞ የመጣው ጥቂት መቶ ሰው ነው፣ በዛ ብቻ ያን የሚያክል ከተማ አይያዝም። አብረው የከበቡት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላክስካላና የሌሎችም የአዝቴክ ጠላቶች ተዋጊዎች ናቸው። አዝቴኮቹ የትላክስካላዎቹን ዙሪያ ዘግተውባቸው ጨው እንኳን አይገባላቸውም ነበር፣ ምርኮኛቸውም ለመሥዋዕት ይታረድ ነበር። ታዲያ ትላክስካላ ማንን ይቅርታ ይጠይቅ?

ሚሚ ዲሲ፦ አጋዥ ነበረው ተብሎ ወራሪ ነጻ ይወጣል እንዴ?? እኛም ጋ ባንዳ ነበር፣ ጣልያን ግን በ1947ቱ የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ክፈይ ተብላለች። ፈንጣጣውንስ ምነው ዘለልከው፣ በ1520 ገብቶ ንጉሡን ኩዊትላዋክን ራሱን ገደለው እኮ

ታሪክ ወዳድ፦ ባንዳ አትበያቸው እህቴ፣ ትላክስካላ ለአዝቴክ ያልገበረች የራሷ መንግሥት ነበረች፣ የማንን አገር ከዳች?

መምህሩ፦ ልጆች ሁላችሁም 1521 ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። ነጻነቱንም እዩት እስቲ። አባ ኢዳልጎ የሚባለው ቄስ በ1810 ዶሎሬስ ከተማ ላይ ደወል ደውሎ ገበሬውን በስፔን ላይ አስነሳ፣ በዓመቱ ረሸኑት፣ ጭንቅላቱን ጓናሁዋቶ ከተማ ያለው የእህል ጎተራ ጥግ ላይ በብረት ቀፎ አንጠልጥለው አስር ዓመት ተዉት። በ1821 ነጻነትን ያመጣው ኢቱርቢዴ ደግሞ እነዛኑ አማጺዎች ለስፔን ሆኖ ሲያሳድድ የኖረ መኮንን ነው፣ በዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ! ለአገሬው ሰው መሬቱ ተመለሰ? ጭራሽ በ1856 ሥልጣን የያዙት ሊበራሎች ባወጡት ሕግ የጋራ መሬቱ ለገበያ ቀረበ፣ ከሊበራሎቹ መሪዎች አንዱ ሁዋሬዝ ደግሞ ራሱ ዛፖቴክ ከሚባለው የአገሬው ነባር ሕዝብ ነው። ይቅርታው ከማድሪድ በፊት ከሜክሲኮ ሲቲ ይጀምር ነው የምለው።

ሚሚ ዲሲ፦ ጋሼ ጀምሯል እኮ፣ በ2021 ሎፔዝ ኦብራዶር ማያና ያኪ ለሚባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦች በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቋል። እሱ ካለ ንጉሡ ምን ከበደው?

መምህሩ፦ አዎ ጠየቀ፣ ግን በዛው ሰሞን በማያዎቹ ምድር የማያ ባቡር የሚባለውን እየዘረጋ ነበር፣ ከፊሎቹ ይቁም ብለው ፍርድ ቤት ድረስ እየሄዱ።

የአደባባዩ ልጅ፦ ባቡሩን ሥራ አመጣልን ብለው የደገፉ ማያዎችም አሉ ጋሼ፣ እሱን ለብቻው እንከራከርበታለን፣ እኔ ንጉሡን አልለቅም