ስልጠናው ላይ ሴቶቹ ዝም አሉብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። እዚህ ለሚኖሩ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው፣ ከጓደኞቼ ጋር የአመራርና የማኅበረሰብ ማደራጀት ስልጠና ጀምረን ሦስተኛ ቅዳሜያችን ነው። አሁን ግን ግራ ገባኝ።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ ስለሚሰጠው የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ሳስረዳ ሁሉም ይጽፋል፣ ደስ ይላል። «እሺ፣ ከእናንተ መሃል ማን ያስተባብር?» ስል ግን ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሽማግሌ ይዞራል። እሳቸውም «እኔ አለሁ» ይላሉ። አለቀ። ሴቶቹ ትንፍሽ አይሉም። እነዚሁ ሴቶች ግን ዕቁብ አላቸው፣ ሰው ሲታመም የሚያዋጡት፣ አዲስ ለመጣ ቤት የሚያፈላልጉት እነሱ ናቸው፤ ታዲያ አመራር ሌላ ምንድን ነው? ለብቻቸው ቡና ላይ ልሰብስባቸው ብዬ ነበር፣ ሽማግሌውን እንዳላስቀይም ፈራሁ። እሳቸው ባይኖሩ እኮ ማንም አይመጣም ነበር።

ዕድር ወይም የሴቶች ማኅበር ያደራጃችሁ፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ ከየት ጀመራችሁ? ትግርኛ የምትችል፣ ቅዳሜ ከሰዓት አብራኝ የምትቆም እህት አዳማ ውስጥ ካለችም እባካችሁ ጠቁሙኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተወካይ ይመረጣል፣ ቀኑ ደርሶብኛል።