የእድራችን ትርፍ ገንዘብ ለአእምሮ ጨዋታ ታብሌት ይውጣ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ዘንድሮ እድራችን ትንሽ ገንዘብ ተርፎታል። አንዳንድ አባላት ለአረጋውያን ታብሌት ተገዝቶ «ማስታወስን ያጠነክራሉ» የሚባሉ ጨዋታዎች ይጫኑበት ብለዋል። ሌሎች አይሆንም ይላሉ። እሁድ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እዚሁ ተነጋገሩበት።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ ይገዛ ባይ ነኝ። ሰው 60 ዓመት ሞልቶት ከሥራ ሲወጣ አእምሮውም ሥራ ፈት መሆን የለበትም። በአሜሪካ «አክቲቭ» የተባለ ትልቅ ጥናት አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 2,832 ሰዎች አሳትፏል። አንዱ ቡድን ማስታወስን፣ ሌላው ማገናዘብን፣ ሦስተኛው ያዩትን ፈጥኖ መለየትን ሠለጠነ። ሥልጠናው 10 ክፍለ ጊዜ ገደማ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ማገናዘብና ፍጥነት የሠለጠኑት፣ በየሠለጠኑበት ነገር ካልሠለጠኑት በልጠው ተገኙ። ለዚያች አጭር ሥልጠና ይህ ትንሽ ውጤት ነው?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ጥናቱ እውነት ነው። ግን አንዱን ቡድን ዘለሉት። ማስታወስን የሠለጠኑት ከ10 ዓመት በኋላ ካልሠለጠኑት አልተለዩም። እኛ ደግሞ ገንዘብ እናውጣ የምንለው ለማስታወስ ነው። ሰው በተለማመደው ነገር ይጎብዛል። የቃላት ዝርዝር መያዝ የለመደ ሰው ዝርዝሩን ይይዛል፤ ቁልፉን የት እንዳኖረ ለማስታወስ ግን ያ ብዙም አይረዳውም። ማስታወቂያውንም አትመኑ። ሉሞሲቲ የተባለው የጨዋታ ድርጅት ያለ በቂ ማስረጃ «መርሳትን እንከላከላለን» ብሏል ተብሎ ተከሶ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እኔ የምፈራው ግፊትና ስኳርን ነው። የአንጎልን የደም ሥር የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ከእድራችን አባላት ግፊቱን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው?

የአብነት ተማሪ የነበረው፦ ታብሌት ምን ያደርግልናል? ጎንደራችን እኮ የላይ ቤትና የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ የተዘረጋባት አገር ናት። 150ውን መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ አባቶች አሉን። ገበጣው አለ፣ ቅኔው አለ። ይህ የአእምሮ ሥራ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ነርሷ፦ ወንድም ዓለም፣ ነው እንጂ። ግን ዳዊትን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደግም ሰው የሚያውቀውን ነው የሚደግመው። ለመንፈሱ ትልቅ ነገር ነው። ለማስታወስ ግን አዲስና ከበድ ያለ ነገር መማር የተሻለ ይመስላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ የቴክሳስ ጥናት አረጋውያን ለሦስት ወር ፎቶ ማንሳትና የጨርቅ ስፌት ተማሩ። ተሰብስበው ከተጫወቱት ይልቅ የእነሱ ማስታወስ ተሻለ።

የአብነት ተማሪ የነበረው፦ ቅኔማ አይደገምም! የዛሬው ለነገ አይሆንም፤ በየጊዜው አዲስ ይዘረፋል። አንቺው መለስሽልኝ።

ባለሱቁ፦ መብራት ሲጠፋስ? ታብሌቱስ በማን እጅ ያድራል? እኔ አልደግፍም።

እናቷን የምታስታምመው፦ እኔ ስለ ጆሮ ልናገር። እናቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጃጀች» ይላት ነበር። የነገሯትን አትይዝም፣ ጨዋታ መሀል ዝም ትላለች። ሐኪም ሲያያት ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ነበር። ከተጠረገላት በኋላ ቡና ላይ ወሬውን የምትመራው እሷ ናት። አሁንም አንዳንድ ነገር ትረሳለች፣ ግን ሰው መሀል ተመልሳለች። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ለመርሳት በሽታ ከዘረዘራቸው 14 ልንቀንሳቸው ከምንችል አጋላጭ ነገሮች አንዱ የመስማት ችግር ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ ብቸኝነትና የማየት ችግርም አሉበት። ሌላም ነገር አለ። አንድ ቀን የስልክ ጨዋታ ሰጠኋት። ሲያቅታት «በቃ አልቆልኛል» ብላ አለቀሰች። እባካችሁ ሰው ፊት ነጥብ እየተቆጠረባቸው አይፈተኑ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። የነጥቡን ነገር ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ሥልጠናውን ጨርሳችሁ አትጣሉት። በፊንላንድ «ፊንገር» በተባለው ጥናት ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለሁለት ዓመት አመጋገብ፣ ስፖርት፣ የግፊት ክትትልና የአእምሮ ሥልጠና አንድ ላይ ተሰጣቸው። ተራ የጤና ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ የእነሱ የአእምሮ ፈተና ውጤት ተሻለ። የአእምሮው ሥልጠና እዚያም ውስጥ አለ።

ነርሷ፦ አዎ፣ አብሮ ነው የሠራው። ለብቻው ይሠራል አላሉም። ለእኛ ደግሞ አራቱን በአንዴ መግዣ የለንም። የግፊት መለኪያ ይገዛ። በሳምንት ሦስት ቀን አብረን እንራመድ፤ ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ለአቅማችን የሚሆን መንገድ ነው። የሚያውቀው መንገድ የሚጠፋው ወይም ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ሰው ካለ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ ሐኪም ይየው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ድብርትም መርሳት ያመጣሉ። እነዚህ ይታከማሉ።

ጡረተኛው መምህር፦ መለኪያው ይገዛ። አንድ ታብሌት ግን ይጨመርበት። ፎቶ ማንሳቱን እኔ በነፃ አስተምራለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚያስተምሩ ከሆነ የልጆቻችን ስልክ ይበቃል። ታብሌቱን አሁንም አልደግፍም።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔም አልተውኩትም። እሁድ ድምፅ ይሰጥበት።